አሸዋ እየሰፋሁ፣ ጭረት እየቆጠርኩ

ነገ ጠዋት የቀኝ ጉልበቴን ይቀይሩልኛል። ይህን የምጽፈው ከሰዓት በኋላ ነው። ሻንጣዬ ተዘጋጅቶ በር ሥር ተቀምጧል፣ ልጄ ሕይወት ሥራ ላይ ናት፣ እኔ ደግሞ እጄን አጣጥፌ ከተቀመጥኩ ፍርሃቱ ስለሚጫወትብኝ እስክሪብቶ ያዝኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ የምጽፈው እንደማወራው ነው። ፊደሉን የሚያርምልኝ ሰው አለኝ፤ ማን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከሥራ የወጣሁትም በዚሁ ጉልበት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ጉልበት ሳጠነክር ኖሬ የራሴ ደረጃ መውጣት አቃተው። የሆስፒታሉ ሰዎች ጋቢ አልብሰው፣ ኬክ ቆርሰው ሸኙኝ። አንዱ ተነሥቶ ስለ እኔ ሲናገር "በጽዳት ክፍል ያገለገለች" አለ፤ ወረቀቱ ላይ እስከ መጨረሻው የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩና አልተሳሳተም። ግን ከኋላ የቆሙት ነርሶች "ኧረ የፊዚዮዋ አስካለ ናት" ብለው ጮኹ። ለእኔ ከጋቢውም ከኬኩም ያ በለጠብኝ።

ሐዋሳ የገባሁት ባሌ በሚነዳው ጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጬ ነው። ሕይወት አራት ዓመት ሲሞላት ባሌ ታሞ ሞተ። ጎረቤቴ አንድ የግል ሆስፒታል ጽዳት እንደሚቀጥር ነገረችኝና ሄድኩ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ የሠራበት ያውቀዋል፣ ያልሠራበት አያምንም።

የመጀመሪያ አለቃዬ የጽዳት ኃላፊዋ ወይዘሮ ጽጌ ነበሩ። ወለሉን ወልውለን ስንጨርስ ጫማቸውን አውልቀው በነጭ ካልሲ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ይሄዱበታል። ከዚያ እግራቸውን አንሥተው ካልሲውን ያሳዩናል። ከጠቆረ ዝም ብለው ባልዲውን ያመለክታሉ። በስድብ አንድ ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ካልሲው ይበቃ ነበር። ዛሬም የሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ወለሉን ነው።

ሁለት ዓመት ወለል፣ አንድ ዓመት ላውንደሪ ሠራሁ። ከዚያ በኋላ ነው ከደረጃው ሥር ያለችውን ክፍል እንዳጸዳ የታዘዝኩት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ግድግዳና አንድ ረጅም ሰውዬ ያለባት ክፍል ናት። ሰውዬው ፊዚዮቴራፒስቱ፣ አካል በስፖርት የሚያክሙት፣ አቶ ማቴዎስ ናቸው።

የገባሁ ቀን አንዲት እናት ከወንበሩ ለመነሣት ይታገላሉ። ከፍ ይላሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይወድቃሉ። አቶ ማቴዎስ ሁለት እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው ቆመው ያያሉ። እኔ ደሜ ፈላ። ይህን የሚያህል ሰውዬ እጅ አይዘረጋም ብዬ መወልወያዬን ጣልኩና ሮጬ በብብታቸው ገብቼ አነሣኋቸው።

"ማነሽ አንቺ?" አሉኝ አቶ ማቴዎስ።

"የጽዳት ነኝ።"

"መልሰሽ አስቀምጫቸው።"

"እ?"

"ያነሣሻቸውን መልሰሽ አስቀምጫቸው። ሊሳካላቸው ትንሽ ሲቀራቸው ሰረቅሻቸው።"

እናትየዋ "ኧረ ተዋት፣ መልአክ ናት" አሉ እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው። አቶ ማቴዎስ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ አስቀመጥኳቸው። ከብዙ ትግል በኋላ ብቻቸውን ሲቆሙ እናትየዋ ራሳቸው ገርሟቸው ወደ እግራቸው ተመለከቱ። ያን ፊት አይቼ ከዚያ ክፍል መውጣት አልፈለግኩም። አቶ ማቴዎስም ገባቸው መሰለኝ፣ በሳምንቱ ከአስተዳደሩ ተነጋግረው ወሰዱኝ።

ሥራችን ብዙ ዓይነት ነበር፤ ወገቡ የተያዘም፣ እጁ ከጄሶ የወጣም ይመጣል። የአቶ ማቴዎስ ልብ ግን ጉልበታቸው ሊቀየር ቀን የሚጠብቁት ዘንድ ነው። መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ይላኩ ነበር፤ በኋላ እኛው ዘንድ መሠራት ጀመረ። ሰው ስፖርት ከኦፕራሲዮን በኋላ ብቻ ይመስለዋል። በፊትማ ያመመውን እግር ማሳረፍ ነው፣ ቤተሰቡም ውኃ እንኳ ተነሥቶ እንዲቀዳ አይፈቅድለትም። አቶ ማቴዎስ ለእያንዳንዱ ይህንኑ ይሉታል፦ "ሐኪሙ የሚቀይርልህ ማጠፊያውን ነው። በሩን የሚገፋው ጡንቻህ ነው። ሥጋው ሰንፎ ከገባህ አዲሱን ጉልበት ማን ያንቀሳቅሰዋል?"

ያስተማሩኝን ልንገራችሁ። ፎጣ ይጠቀለልና ከጉልበት ሥር ይገባል። ሕመምተኛው ፎጣውን ወደ አልጋው ይጨፈልቃል፣ አምስት ተቆጥሮ ይለቃል። የሚታየው ፊቱ አይደለም፤ ፊት እያማጠ እግር ሊተኛ ይችላል። የሚታየው ከጉልበቱ በላይ ያለው ጭን ጠጠር ማለቱና ሎሚዋ፣ ያቺ ክብ አጥንት፣ ወደ ላይ ሳብ ማለቷ ነው። ሎሚዋ ካልተሳበች አልተሠራም። ቀጥሎ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሣት፤ ቀጥሎ ተረከዝን አልጋው ላይ እያንሸራተቱ ማጠፍ። ከሁሉ የሚከብደው ወንበሩ ነው፤ ክንድን ደረት ላይ አጣምሮ ያለ እጅ መነሣት። መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ሦስት ብርድ ልብስ አጥፌ እከምርና ከፍ አደርገዋለሁ። ጉልበቱ ሲበረታ አንዱን አወጣለሁ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ሦስተኛው የወጣ ቀን ሕመምተኛው ከሠርግ የተመለሰ ይመስላል።

አምስቱን የምንቆጥረው ሰውዬው በሚቀናው ቋንቋ ነው። ሚቶ፣ ላሜ፣ ሳሴ፣ ሾሌ፣ ኦንቴ። ከሲዳምኛ መጀመሪያ የለመድኩት ይህን ነው። ከገጠር የመጡ አባት በአማርኛ ስቆጥርባቸው ይኮሳተራሉ፣ በሲዳምኛ ሲሆን ግን እየሳቁ ይጨፈልቁልኛል።

እግር ላይ የሚታሰረው ክብደት ተገዝቶ የሚመጣ ስላልነበረ እኔ ሰፋሁት። ያረጀ ጂንስ እግሩን ቆርጬ፣ ድርብ ሰፍቼ፣ አሸዋ ሞልቼ፣ ማሰሪያ አበጀሁለት። አሸዋውን ያመጣሁት ከሐይቅ ዳር ነው። አጥቤ አድርቄ ነበር፤ አንድ ቀን አንዲት ወይዘሮ አፍንጫቸውን ይዘው "አስካለ፣ እግሬ ዓሣ ዓሣ አለኝ" አሉ። እውነትም ክፍሉ በሙሉ ዓሣ ቤት ሆኗል። አቶ ማቴዎስ ሳቁ ሲያንቃቸው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አሸዋዬን ቤት ከሚሠራበት እየለመንኩ አመጣለሁ፣ ሰባት ጊዜ አጥባለሁ።

ግድግዳው ላይ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ቦታ አለው። ለተማረው ስሙን፣ ላልተማረው ሥዕል፤ ለአንዱ በግ፣ ለአንዷ ጀበና። አንድ ዙር ሲጨርስ አንድ የጠመኔ ጭረት። አቶ ማቴዎስ ጋውናቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ጠመኔ ስለሚያኖሩ ኪሳቸው ነጭ ነበር። እኔን ባመኑኝ ጊዜ ጠመኔውን ለእኔ ሰጡኝ።

መናኸሪያ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት እትዬ ብርቱካን የዚያን ዘመን ደስታዬ ናቸው። ሁለቱም ጉልበታቸው ሄዷል፣ ከባጃጅ ሲወርዱ ሾፌሩ ጭምር ያምጣል። ሱቄን ዘግቼ ስፖርት አልሠራም አሉ። አቶ ማቴዎስ ሄደው የሚቀመጡበትን አዩ። ዝቅ ያለውን ዱካ አስወጥተው ረጅም ወንበር አስገቡና የአሸዋ ከረጢቴን እግራቸው ላይ አሰሩ። ከሳምንት በኋላ ልጎበኛቸው ብሄድ ደንበኛው ሁሉ ይቆጥራል።

"አራት!" ይላል አንዱ።

"ሦስት ነው፣ አታጭበርብር፤ ቅናሽ ፈልገህ ነው" ይላሉ እሳቸው እግራቸውን እያነሡ።

ከኦፕራሲዮኑ በማግስቱ ባለ አራት እግሩን መደገፊያ፣ ዎከሩን፣ ይዘው ቆመው ነርሷን "ቆይ ወዴት ነው የምትገፊኝ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ" አሏት። አሁን ሁለቱም ጉልበታቸው አዲስ ነው። ሠርግ ላይ ሳገኛቸው እኔን ከወንበር የሚያስነሡኝ እሳቸው ሆነዋል።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደርሻለሁ።

ጋሽ ደሳለኝ ታቦር ኮረብታው ላይ የሚኖሩ አስተማሪ ነበሩ። ጡረታ ወጥተዋል፣ ሚስታቸው ሞተዋል። ሲገቡ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ ብድግ የምንልላቸው ዓይነት ሰው ናቸው። አባቴን በልጅነቴ ስላጣሁ ነው መሰለኝ፣ "ልጄ" ሲሉኝ የያዝኩትን ትቼ አጠገባቸው እቆማለሁ። ወደ እኛ የመጡት ጉልበታቸው ሊቀየር ስድስት ሳምንት ሲቀረው ነው።

ያመኛል አይሉም። ጨዋታ ያመጣሉ። ሦስት ጊዜ ፎጣውን ይጨፈልቁና "ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ" ብለው የድሮ ተማሪዎቻቸውን ተንኮል ይጀምራሉ። እኔ እስቃለሁ፣ ሰዓቱ ይሄዳል። ወንበሩ ጋ ሲደርሱ ላብ ያጠምቃቸዋል። "ዛሬ ይቅርብኝ፤ ለማቴዎስ ግን አትንገሪ፣ ይቆጣኛል" ይሉኛል፣ እየሳቁ። ዓይናቸው ግን አይስቅም። እኔ ደግሞ እንደ አባት የማያቸውን ሽማግሌ አልነሣም ሲሉ "ይነሡ" ማለት ከየት ይምጣልኝ። ጠመኔው እጄ ላይ ነው። አንድ ጭረት አሰመርኩላቸው። በማግስቱ ሁለት። እሳቸውም አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው፣ ማናችንም አልተናገርንም። አክብሮት መስሎኝ ነበር።

አቶ ማቴዎስ በዚያ ሰሞን ሕመምተኛ በዝቶባቸው ግድግዳውን እያዩ ያልፋሉ። "ጋሽ ደሳለኝ ጎበዝ ናቸው" አሉኝ አንድ ቀን። አንገቴን ደፋሁ።

ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ። ሐኪሙም አለ፣ ራጁም አለ። እግሩ ግን አልታዘዝ አለ። ጭናቸው እንደ ሊጥ ነው፤ ፎጣውን ጨፍልቁ ሲባሉ ሎሚዋ አትሳብም። ሕመሙ ሲጨምር ፈሩ፣ ሲፈሩ ተዉት። ጉልበታቸው ሳይዘረጋ ቀረ። በዱላ፣ እያነከሱ፣ ቁልቁለቱን ስለማይችሉት ለሰዓታት ጸሎት በእግራቸው ይሄዱበት የነበረው ቤተ ክርስቲያን ቀረባቸው። ጠዋት ጠዋት ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ቅዳሴውን ከድምፅ ማጉያው ይሰማሉ ብለው ሰዎች ሲነግሩኝ ያን ሳምንት ምግብ አልበላሁም።

ለአቶ ማቴዎስ ነገርኳቸው። አልጋውን እየወለወልኩ፣ ፊታቸውን ሳላይ፣ "ጭረቱን እኔ ነኝ የጨመርኩት" አልኩ። ያባርሩኛል ብዬ ልብሴን ሰብስቤ ነበር። እሳቸው ግን እንዲህ አሉ፦

"ስንቱን?"

"ከግማሽ በላይ።"

"እኔም ግድግዳውን አየሁ እንጂ እግሩን አልዳሰስኩም" አሉ። ጠመኔውን ከእጄ ወሰዱ። "ከዛሬ ጀምሮ ጠመኔ የሚይዘው የሚሠራው ሰው ነው። አንቺም እኔም አንነካውም።"

እንዲህም ሆነ። እሳቸውም ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ከማየታቸው በፊት መዳፋቸውን የሕመምተኛው ጭን ላይ ሳያሳርፉ ቀርተው አያውቁም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ስለ ጋሽ ደሳለኝ ደግመው አላነሡብኝም። እኔም ታቦር ደርሼ ይቅርታ ለመጠየቅ ድፍረቱን አጣሁ። አሥር ዓመት ሙሉ በዚያ በኩል የሚያልፍ ባጃጅ አልተሳፈርኩም።

ቀን ቆጥሮ የራሴ ጉልበት ተራ ደረሰ። መጀመሪያ ደረጃ፣ ቀጥሎ ሽንት ቤት፣ ቀጥሎ እንቅልፍ። አብረን የኖርነው ሐኪም ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ "እትዬ አስካለ፣ የሚነገርሽ የለም፣ ታውቂዋለሽ" አለኝ። አውቀዋለሁ። ችግሩም እሱ ነው። ኦፕራሲዮን ክፍሉን እኔ ወልውያለሁ፣ የአጥንቱን መሣሪያ ታጥቦ ሲደረደር አይቻለሁ። ማደንዘዣ ተወግተው ያልነቁ ሰዎች ወሬም ሰምቻለሁ፤ ማን እንደሆኑ ግን የሚያውቅ አላጋጠመኝም። ሕይወት አባቷን አታስታውስም፣ ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ። ሐይቅ ዳር ሆቴል እንግዳ ተቀብላ ስትመለስ "እማዬ" ብላ ገብታ ባዶ ቤት ብታገኝስ እያልኩ አስባለሁ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ሲደርስ ጉንፋን ያዘኝ አልኩ። ሳል አልነበረኝም፤ ሳልኩ። ለሁለተኛው ዘመድ ሞተ አልኩ፤ የሞቱት ሴትዮ ከአራት ዓመት በፊት የቀበርናቸው ናቸው። ለስንቱ ሰው አይዞህ ያልኩት እኔ ነኝ እንግዲህ። ሐኪሙ ሦስተኛውን ቀጠሮ ሲቆርጥ ሳቀና ቀጥሎ ተኮሳተረ። "ጭንሽ እየሰለለ ነው። ያለ እጅ አሥር ጊዜ ከወንበር ተነሥተሽ ካላሳየሽኝ አላስገባሽም፤ ከዚህ በላይ ከቆየሽ ደግሞ ጉልበትሽን ቀይሬም ብዙ አልጠቅምሽም።"

ስድስት ሳምንት ሰጠኝ። መኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ ጠመኔ አዘጋጀሁ፣ ብርድ ልብስ ከመርኩ፣ ፎጣ ጠቀለልኩ። የመጀመሪያው ቀን ሠራሁ። በሁለተኛውም ሠራሁ፣ ሕመሙ ግን እስከ ጥርሴ ደረሰ። ሦስተኛው ቀን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠመኔውን አነሣሁና አራት ጭረት አሰመርኩ። እግሬን ሳላነሣ። ሕይወት ስትገባ አይታ "ጎበዝ እማዬ" አለችኝ፣ ግንባሬን ሳመችኝ።

በማግስቱ ባጃጅ ጠርቼ ታቦር ሄድኩ። ከመተኛቴ በፊት ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ ብዬ ነው፤ እንዲያውም እውነቱን ለመናገር፣ ከወንበሩ ለመሸሽም ጭምር ነው።

ጋሽ ደሳለኝ ደጃቸው ላይ ናቸው። እግራቸው ታጥፎ እንደቀረ፣ ዱላቸው ጎናቸው። ዓይናቸው ግን ያው ነው፣ ከሩቅ ለዩኝ።

"አስካለ ነሽ? እያነከስሽ ነው እንዴ ልጄ?"

"ጋሼ፣ ይቅር እንዲሉኝ ነው የመጣሁት።"

"ምን አድርገሽኝ?"

"ያንን ጭረት..."

"የለመንኩሽ እኔ ነኝ" አሉ ቶሎ። "አርባ ዓመት የሚኮርጅ ተማሪ ስቀጣ ኖሬ በሽምግልናዬ ኮረጅኩ። ለማን ልናገረው? ይቅርታውን አንቺ ነሽ የምትሰጪኝ።"

ሁለታችንም ትንሽ አለቀስን። ከዚያ አፍንጫቸውን ጠርገው እግሬን አዩ።

"ቀንሽ መቼ ነው?"

ነገርኳቸው።

"ስንት ጭረት አለሽ?"

"ስድስት።"

ቀና ብለው አዩኝ። አስተማሪ ሲያይ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

"ስንቱ እውነት ነው?"

"...ሁለቱ።"

"ነገ በሁለት ሰዓት እመጣለሁ" አሉ።

መጡ። በባጃጅ፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ደብተር በብብታቸው ይዘው። መጀመሪያ ያደረጉት ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን መሐረብ አውጥተው አራቱን ጭረት መደምሰስ ነው። ሁለቱን ተዉልኝ። ከዚያ ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

"ጀምሪ።"

እንዲህ ዓይነት ክፉ ሰው አይታችሁ አታውቁም። "መቀመጫሽ ወንበሩን ነካ? አልነካም። አይቆጠርም።" "እጅሽን ከጭንሽ ላይ አንሺ፣ አያለሁ።" "ጨዋታ አታምጪብኝ፣ ጨዋታ እኔ ነኝ የፈጠርኩት።" ጠመኔው የእኔ እጅ ላይ ነው፣ ሕጉን ነግሬያቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን ለብቻ በደብተራቸው ይመዘግቡና የእኔን ከእሳቸው ያስተያያሉ። ሕይወት አንድ ቀን ዕረፍት ሆና አየችንና በር ላይ ቆማ "እማዬን ልትገድሏት ነው እንዴ?" አለች።

"አንቺ ውጪ፣ ፈተና ላይ ናት" አሏት።

ዕረፍት ሳደርግ ደግሞ ይጽፉልኛል፤ ማለቴ እኔን ያስጽፉኛል። አራተኛ ክፍል ላይ የተውሽውን እንጨርስ አሉኝ። ይህን ጽሑፍ መጻፍ የቻልኩት በዚያ ነው፤ ፊደሌን የሚያርሙልኝም እሳቸው ናቸው። ስለ እሳቸው የጻፍኩት ጋ ሲደርሱ ቀይ እስክሪብቶአቸውን እንዲያስቀምጡ ለምኛቸዋለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ብርድ ልብስ ወጣ። በአምስተኛው መጨረሻው ወጣ። ሕመሙ አልጠፋም፣ አይጠፋምም፣ ጉልበቱ ያው የተበላሸው ነው፤ ግን ጭኔን ስነካው ጠጠር ይላል። ዎከር ይዤ በግቢው መዞርም ተለማመድኩ፤ ኋላ እግሬ ሲያብጥ አዲስ ነገር እንዳይሆንብኝ።

ባለፈው ሳምንት አቶ ማቴዎስን ጠራኋቸው። ጸጉራቸው ሸብቷል፣ ኪሳቸው ነጭ አይደለም። ገብተው ጋሽ ደሳለኝን ሲያዩ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ያን ያህል በቅርብ አልተያዩም። ጋሽ ደሳለኝ በዱላቸው ሊነሡ ሞከሩ። አቶ ማቴዎስ ጎንበስ ብለው ትከሻቸውን ሳሟቸውና መልሰው አስቀመጧቸው።

ወደ እኔ ዞሩ። ግድግዳው በጭረት ተሞልቷል፣ አላዩትም። መዳፋቸውን ከጉልበቴ በላይ አሳረፉ። "ጨፍልቂ" አሉኝ፤ ጨፈለቅኩ። ሎሚዬ ሳብ አለች። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ከኋላቸው አጣመሩ፣ እኔም ክንዴን ደረቴ ላይ። ሰባተኛው ላይ ተንቀጠቀጥኩ። ስምንተኛው ላይ ወደቅኩ፣ እንደገና ተነሣሁ። እጃቸው ከኋላቸው አልወጣም። አሥር።

አሁን ነው ግድግዳውን ያዩት።

"ማነው የቆጠረው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ደሳለኝ፣ እንደ ተጠየቀ ተማሪ።

አቶ ማቴዎስ ሌላ አልጠየቁም። "ለሐኪሙ ደውዪለት" አሉኝ። ደወልኩ። አልሳልኩም፣ ዘመድም አልገደልኩም።

ፍርሃቱ ሄዷል ብል እዋሻለሁ። ዛሬ ጠዋት የሌሊት ልብሴን ሦስት ጊዜ አጥፌ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ጋሽ ደሳለኝ እንደ ወትሮው በሁለት ሰዓት መጡ። ለመጨረሻ ጊዜ ሠራሁ፣ አሰመርኩ። ተቀምጬ ላቤን ስጠርግ እሳቸው አልተንቀሳቀሱም። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

"ዛሬ አንቺ ቁጠሪ" አሉኝ።

"ምኑን ጋሼ?"

ክንዳቸውን ካፖርታቸው ላይ አጣመሩ። ልሮጥ ነበር፣ በብብታቸው ልገባ ነበር፤ እግሬ ከለከለኝ፣ ከእግሬም በላይ አቶ ማቴዎስ ትዝ አሉኝ። እጄን ከኋላዬ አደረግኩ። ባልታጠፈው እግራቸው እየተጫኑ፣ ፊታቸው እየቀላ፣ አንድ ጊዜ ተነሡ። ብዙ ቆይተው ሁለት። ሦስት። በአራተኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለአምስተኛው ሲነሡ እጃቸው ሄዶ ጠረጴዛውን ያዘ፣ ቆሙ።

ጠመኔውን ሰጠኋቸው። ከእኔ ጭረቶች አጠገብ ስማቸውን በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው ጻፉና ከሥሩ፣ ለአንድ መነሣት አንድ እያሉ፣ አራት አሰመሩ።

"አምስተኛዋስ?" አልኳቸው።

"ጠረጴዛውን ይዣለሁ፤ አይተሻል" አሉ። ጠመኔውን መለሱልኝና ዱላቸውን አነሡ። "አምስተኛዋን አንቺ ስትመለሺ ነው። ሌላ ሰው ፊት አልሠራም።"

ባጃጁ ውስጥ ሲገቡ አልደገፍኳቸውም። ከመስኮቱ ሆኜ አየኋቸው፣ ጊዜ ወስዶባቸው ገቡ።

ጠመኔውን ሻንጣዬ ኪስ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሕይወት ስትመለስ "ሆስፒታል ጠመኔ ምን ያደርግልሻል?" ትለኛለች። መልሼ ይዤው ልመጣ ነው እላታለሁ፤ አንድ ጭረት የሚጠብቀኝ ሰው አለ።